ሙሽሮቹ ጋ ወደ ግራ

ሌላው ሰው አቼቶ ሲሸተው ሰላጣ ያምረዋል፤ እኔ ሙሽራ ነው ትዝ የሚለኝ። ልጄ ገነት ሽታውን እንደማልወድ ስለምታውቅ ቤታችን አቼቶ ገብቶ አያውቅም፤ ሰላጣውን በሎሚ እንበላለን። ባለፈው ሳምንት ግን ፒያሳ ከቀሩት ጥቂት ኬክ ቤቶች አንዱ ውስጥ ተቀምጬ ማኪያቶዬን ስጠጣ፣ አስተናጋጇ የባንኮኒውን መስታወት በአቼቶ መወልወል ጀመረች። ሳልጨርስ ተነሣሁ። “እማማ፣ አልጣፈጠዎትም እንዴ?” አለችኝ። “ጣፍጦኛል የኔ ልጅ፤ ሽታው ነው” ብያት ወጣሁ። ወጣሁ እንጂ የት እንደምሄድ አላሰብኩም። እግሬ ራሱ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይዞኝ ወረደ፤ አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ ዞሬ የማልፈውን መንገድ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ካልተናገርኩት ትርጉም የለውም። ባሌን ግዛውን ያጣሁት ገነት የሰባት ወር ፅንስ ሳለች ነው። ፎቶውም የለኝም። ልጄ የአባቷን መልክ አታውቅም። ትንሽ ሳለች “አባዬ ምን ይመስላል?” ስትለኝ ግንባሩ ሰፊ ነው፣ ሲስቅ የግራ ዓይኑ ይጠብባል እያልኩ እነግራት ነበር። እያደር ግን የምነግራት ያየሁትን ሳይሆን ከዚህ በፊት የነገርኳትን እንደሆነ ገባኝ። ፊቱ ከዓይኔ ጠፍቷል፤ ቃሉ ብቻ ነው የቀረኝ። እሱ ያለበት ፎቶ በዓለም ላይ አንድ ብቻ እንደተረፈ አውቅ ነበር። እዚያ ፎቶ ላይ ከጎኑ የተቀመጠችው ሚስቱ ግን እኔ አይደለሁም።

መነሻው ደሴ ነው። ግዛው የመንገድ ቀያሽ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ከተጋባን አራት ወራችን ነው። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን መካኒክ የገዛት፣ ቅቤ የመሰለች፣ ዳገት ላይ የምታቃስት ትንሽ መኪና ነበረችው። እናቴ “በዚህች ቆርቆሮ ነው ጣርማ በርን የምትወጡት?” ብላ አለቀሰች። ዕቃችንን በጭነት መኪና ላክንና እኛ አገር እያየን ቀስ ብለን እንሄዳለን አልን። ኮምቦልቻ ቁርስ በላን፣ ከሚሴ ላይ ቆመን የግመል መንጋ አየን፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ልብሳችን እስኪጨቀይ ሐብሐብ በላን። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ብል ውሸት አይሆንም። የሠርግ ፎቶ አልነበረንም፤ ያነሣን ሰውዬ ፊልሙ ብርሃን ገብቶበት ተቃጠለ ብሎ ነው የቀረው። ግዛው “አይክፋሽ የሺ፣ ቬሎሽን አልብሼ ፒያሳ አስነሣሻለሁ” ብሎ ቃል ገባልኝ። ስለዚህ ቬሎዬ እንዳይጨማደድ የኋላው ወንበር ላይ ትራስ አስደግፈን፣ ነጭ አንሶላ ከላይ ጣል አድርገንበት፣ እንደ ሰው አስቀመጥነው። ዞር ባልኩ ቁጥር አንዲት ሴት አብራን የምትሄድ ይመስለኝና ለራሴ እስቅ ነበር።

ከደብረ ሲና በላይ ጭጋጉ ያዘን። ዳገቱ ላይ ገደሉ ከየት እንደሚጀምር አይታይም፤ ግዛው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚነዳው፣ እኔ ጸሎቴን ይዣለሁ። ዋሻውን አልፈን ስንወጣ አንድ ኬላ ጋ አስቆሙን። ካፖርቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ጥበቃ መጣና “ስንት ናችሁ?” አለ። “ሁለት” አለ ግዛው። “ሦስት” አለ ሰውየው። “የኋላዋ ሴት ለምን ድምፅ አታሰማም? አሟታል?” ግዛው ከት ብሎ ሳቀና ቀሚስ ነው አለው። ጥበቃው ግን አልሳቀም። ወደ መስኮቱ ተጠግቶ እጁን በግንባሩ ላይ ጋርዶ ወደ ውስጥ አየ፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸና “እሺ፣ ሦስታችሁም እለፉ” አለ። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ዞሬ አላየሁም። ግዛው እያሾፈብኝ “ወይዘሮ፣ ብርድ ገባሽ ወይ?” እያለ ወደ ኋላ ያወራ ነበር።

አራዳ ውስጥ፣ ከጊዮርጊስ ትንሽ ወረድ ብሎ ሁለት ክፍል ተከራየን። ኧረ ያን ጊዜ ፒያሳ ፒያሳ ነበረች። ኬኩ በስሙኒ፣ ያውም ክሬሙ አፍንጫ የሚነካ። ወንዱ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ሱሪው ከታች መንገድ እየጠረገ፤ ሴቱ በታኮ ጫማ እየተውረገረገ፤ ወርቅ ቤቶቹ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ዓይን አያስከፍቱም። ሸክላ ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገዱ አዙረው አንዱ የፍቅር ዘፈን ሳያልቅ ሌላው ይቀበለዋል። ግዛው እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪናዋን ያስነሣና ከተማ ያሳየኛል። አንድ እሁድ አራት ኪሎ፣ አንድ እሁድ እንጦጦ፣ አንዳንዴ ደግሞ ዝም ብሎ ጊዮርጊስን መዞር ብቻ። ሲመለስ ግን አያደርሰኝም፤ “አሁን ወዴት ነው? አንቺ ምሪኝ” ይለኛል። ከተማውን እንድለምድ ነው። ደሴ እንደሆነ የጦሳን ተራራ አይቶ የሚጠፋ ሰው የለም፤ እዚህ ግን ፎቁ ሁሉ አንድ መሰለኝ። በመጨረሻ አንድ ምልክት ያዝኩ። ከማዕዘኑ ላይ ፎቶ ቤት ነበረ፤ መስኮቱ ሙሉ የሙሽሮች ፎቶ። እዚያ ስደርስ “ሙሽሮቹ ጋ ወደ ግራ” እላለሁ፤ ግዛውም መሪውን ወደ ግራ እያዞረ “የአራዳ ልጅ ሆንሽ” ይለኛል።

ለመነሣት የሄድነውም እዚያው ነው። ባለቤቱ ጋሽ መኩሪያ ይባላል፤ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ጣቶቹ በፎቶ መድኃኒት ቡናማ የሆኑ ሰው። ቤቱ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ ፎቶ የሚታጠብበት መድኃኒት ሽታ ነው አለን። እያወራን መብራቱን ያስተካክላል። “ከየት ናችሁ?” “ከደሴ፣ ገና ሁለት ወራችን ነው።” “እዚህ ዘመድ አዝማድ አላችሁ?” ግዛው ሳቀና “ማንም አያውቀንም፤ እኔ ለሷ፣ እሷ ለኔ ነን” አለው። ጋሽ መኩሪያ “ጥሩ” አለ። ያን “ጥሩ” ያኔ አላጤንኩትም። ከዚያ ክር አወጣና ከአገጬ እስከ ትከሻዬ ለካኝ። ፎቶ ለመነሣት በክር የተለካ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ግን የከተማ ደንብ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። “ፊትሽን ወደ ግራ፣ ትንሽ ዝቅ” አለኝ። “መስኮቱ ላይ ያሉት ሙሽሮች ሁሉ ወደ ፊት ነው የሚያዩት” ስለው “አንቺ ላይ እንዲህ ነው የሚያምረው” አለኝ። ግዛው ከጎኔ ቆሞ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፤ የኔ እጆች ጭኔ ላይ ተደራርበው፣ የግራው ከላይ። አውራ ጣቴ ላይ በልጅነቴ ፍም ያቃጠለኝ፣ ባቄላ የሚያህል ጠባሳ አለ። “ከፎቶው ላይ ላጥፋልሽ?” አለኝ ጋሽ መኩሪያ። “ተወው፣ የኔ ምልክት ነው” አልኩት።

ፎቶው አምሮ ደረሰልን፤ በፍሬም አድርገን ሰቀልነው። ከወር በኋላ ይመስለኛል፣ እሁድ ስንመለስ ማዕዘኑ ጋ ደርሰን ግዛው በድንገት ፍሬን ያዘ። “የሺ፣ መስኮቱ ላይ እኛን ሰቀሉን” አለ። መኪናዋን መንገድ ዳር ትቶ እንደ ልጅ ሮጠ፤ እኔም ነጠላዬን እያስተካከልኩ ተከተልኩት። ከታች፣ በቀለም የተሠራ ትልቅ ፎቶ ነው። ግዛው አለ፤ ሰፊ ግንባሩ፣ እጁ ትከሻ ላይ። ቬሎው የኔ ነው፤ አክስቴ አንገቱ ላይ የሰፋችውን ዳንቴል አወቅሁት። እጆቹ የኔ ናቸው፤ ጠባሳው ሳይቀር አለ። ፊቱ ግን የኔ አይደለም። ወደ ግራ የዞረች፣ ዝቅ ያለች፣ ከንፈሯ ሳሳ ያለ፣ በሕይወቴ አይቻት የማላውቃት ልጅ ናት። መስታወቱ ላይ የራሴ ጥላ አርፎ ነበርና ጎንበስ ብዬ ፊቴን ፊቷ ላይ ልገጥመው ሞከርኩ። አልገጠመም። ከኋላችን ሁለት ሴቶች ቆመው ወደ ግዛው እያዩ “እሱ ነው መሰለኝ ባሏ” ሲባባሉ ሰማኋቸው።

በዚያ ዘመን ፎቶ ማጣመር የሚባል ሥራ ነበር። እናቱ የሞተችበት ሰው ጉርድ ፎቶዋን ያመጣል፤ ፎቶ አንሺው ፊቷን በምላጭ ቆርጦ ከልጇ ጎን ይለጥፍና እንደገና ያነሣዋል፤ መጋጠሚያውን በቀጭን ብሩሽ ቀለም ቀብቶ ይሸፍነዋል። ሕያውና ሙት ባንድ ወንበር ይቀመጣሉ። ብዙ ቤት ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ አለ፣ ማንም አይደነግጥም። ጋሽ መኩሪያም ሳይደነግጥ ነው የነገረን። ልጅቷ አበራሽ ትባላለች። ሐረር ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ታማ እዚያው እናቷ እጅ ላይ የሞተች ናት። እናቷ ወይዘሮ አስካለ “ልጄን በቬሎ ሳላያት አልሞትም” ብለው አንዲት ጉርድ ፎቶዋን ይዘው ለምነውታል። ፎቶው ላይ ወደ ግራ ዞራለች። ጋሽ መኩሪያ ቁመናዋ የሚገጥም ሙሽራ ሁለት ዓመት ጠብቋል። “የከተማ ሰው ቢሆን ዘመድ አይቶ ይጣላኛል” አለ፣ ክሩን ጣቱ ላይ እየጠመጠመ። “እናንተን ማን ያውቃችኋል ብዬ ነው።” ግዛው ጮኸበት፤ የመስኮቱን ፎቶ እዚያው አስወረደው። የወይዘሮ አስካለ ቅጂ ግን እቤታቸው ነው፤ ከራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ ከሱቆቹ ጀርባ።

ልናስመልስ ሄድን። እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ፤ ደሜ ፈልቶ ስለነበር ክፉ እናገራለሁ ብዬ ፈራሁ። ግዛው ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። “ያስቀምጡት አልኳቸው” አለ። “እኔን ሳትጠይቅ?” “ሴትዮዋን ብታያቸው እንዲህ አትይም። ‘ግድግዳው ላይ ብቻዋን እንዳትሆንብኝ ነው’ ነው የሚሉት።” ከዚያ በኋላ የእሁዱ ሽርሽራችን መጨረሻው ድልድዩ ሆነ። ግዛው ዳቦ ይዞ ይገባል፣ ሩብ ሰዓት ተቀምጦ ይወጣል፤ እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ እጠብቀዋለሁ። የሰፈሩ ሰው ልጅቷ ሐረር አግብታ የሞተች መስሎታል። ሲያልፍ ሲያገድም “የአበራሽ ባል፣ እግዜር ያጽናህ” ይሉታል፤ እሱም “አሜን” ይላል። እኔን ደግሞ በመስኮት አሾልቀው እያዩ “አፈሩ ሳይደርቅ አገባ” ይባባላሉ። አስቡት እንግዲህ፤ በዚህ ሁሉ ከተማ ውስጥ የሱ ሚስት መሆኔን የሚመሰክር አንድ ሰው የለኝም። ምስክሬ እቤት የሰቀልኩት ፎቶ ብቻ ነበር። እሱንም ቆሜ ሳየው ቆይቶ ቆይቶ ያቺ ልጅ ትመጣብኝ ጀመር። ፊቴን ልሠራ መስታወት ፊት ስቀመጥ ሳላውቀው ወደ ግራ ዞሬ፣ ዝቅ ብዬ እገኛለሁ።

አንድ እሁድ አልቻልኩም፤ ተከትዬው ገባሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ንጹሕ ናት፣ ትበርዳለች። ፎቶው ከአልጋው ራስጌ ነው፣ መስታወት የለውም። ወይዘሮ አስካለ ትንሽ፣ ጥቁር የለበሱ ሴትዮ ናቸው፤ ተነሥተው ሊስሙኝ መጡና መሃል ላይ ቆሙ። ፊቴን አላዩም። እጄን ነው ያዩት። ቀስ ብለው የግራ እጄን አነሡና አውራ ጣቴን አገላብጠው ጠባሳውን አዩት። “ይሄን እጅ አውቀዋለሁ” አሉ። “ጠዋት ጠዋት የምስመው ይሄን ነው።” ከዚያ ጎንበስ ብለው ከንፈራቸውን ጠባሳው ላይ አሳረፉ። የሰው ከንፈር እንደዚያ ሲቀዘቅዝ አላየሁም። እጄን መንጭቄ ወሰድኩ። “ልጅዎ ሞታለች” አልኳቸው። “ይሄ እጅ የኔ ነው፣ ይሄ ሰውዬም የኔ ባል ነው።” ግዛው “የሺ” አለ። ወይዘሮ አስካለ አልተቆጡም። “አውቃለሁ ልጄ” አሉኝ። “የገነዝኳት እኔ አይደለሁ?”

ቤት ገብቼ የራሳችንን ፎቶ ከፍሬሙ አወጣሁና ከሰል ላይ አደረግሁት። እዚያ ላይ ያለው ፊት የኔ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ሲቃጠል መጀመሪያ የተኮማተረው የኔ ፊት ነው፣ እጆቼ መጨረሻ ቀሩ። ግዛው በር ላይ ቆሞ አየኝና “አንድ ነበረችን” አለ። “ሌላ እንነሣለን” አልኩት። “እሺ” አለ። አልተነሣንም። መጀመሪያ ተኳርፈን፣ ከዚያ እኔ አርግዤ እየታመምኩ፣ ከዚያ ዘመኑ ከፍቶ ጋሽ መኩሪያም ሱቁን ዘግቶ ሄደ። ሸክላ ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ወደ ውስጥ አዞሩ። ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ መግባቱ የሚመሰገንበት ጊዜ መጣ። በምን ምክንያት ማለት አያስፈልግም፤ የኖረበት ያውቀዋል።

ግዛው አንድ ጠዋት እግሬ ስላበጠ አልጋ ላይ ትቶኝ፣ ግንባሬን ስሞኝ ሥራ ሄደ። አልተመለሰም፤ መኪናዋም አልተመለሰችም። በማግስቱ እያነከስኩ ድልድዩ ድረስ ወረድኩ። ባለ ሱቁን ጠየቅሁት። “የአበራሽ ባል? ትናንት ጠዋት አልፏል፣ ሚስቱም አብራው ነበረች” አለኝ። “ሚስቱ እኔ ነኝ፤ እቤት ነበርኩ” አልኩት። ሰውየው ደነገጠ። “ነጭ የለበሰች ልጅ ከኋላ ተቀምጣ ነበር፣ ዓይኔ ነው ያየው” አለ። ነጭ ነጠላ ያልለበሰ ማን አለ? ምናልባት ወይዘሮ አስካለን ቤተ ክርስቲያን ሊያደርስ ይሆናል። “አሮጊት ናት?” ስለው “ኧረ ወጣት” አለኝ። ቤቴ ገብቼ ሣጥኔን ከፈትኩ፤ ቬሎዬ እንደታጠፈ ነው። ያን ቀን ከድልድዩ ቆሜ የወይዘሮ አስካለን በር አይቻለሁ፤ ተዘግቷል። ላንኳኳ እችል ነበር። በምን ዓይኔ ብዬ ተመለስኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ነው።

ሰው ታስሮባቸዋል በተባሉ በሮች ሁሉ ስንቅ ይዤ ዞርኩ። አንዱ በር ላይ ጥበቃው ስሙን ሰምቶ “ይሄንንማ እናቱ ትናንት መጥተው ጠይቀዋል፤ እዚህ የለም ብለናቸዋል” አለኝ። የግዛው እናት እኛ ሳንጋባ የሞቱ ናቸው። ሙታን እየቀደሙኝ የሚፈልጉት መሰለኝና ወደዚያ በር ሁለተኛ አልሄድኩም። ገነት ተወለደች፣ አደገች፣ ተማረች። ለፎቶው ብዬ ድልድዩ አጠገብ ደርሼ ስንቴ ተመለስኩ። ኋላ ሴትዮዋ ሞተዋል ሲሉ ሰማሁ፤ ፎቶውም አብሮ አልቆ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ያለፈው ሳምንት ታዲያ፣ አቼቶው አስነሥቶኝ ቁልቁል ስወርድ፣ የማውቀው ነገር የለም። ማዕዘኑ የለም። መንገዱ ሰፍቷል፣ ዛፍ ተተክሏል፣ መብራቱ በቀን ይበራል። ወደ ግራ ልል ብዬ ግራው ራሱ ጠፋኝ። ድልድዩ አጠገብ ግን የቀሩ ቤቶች ሊፈርሱ ሰው ዕቃውን እያወጣ ነበር። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የቡታጋዝ ምድጃ መንገዱ ዳር ተደርድሯል። አንድ ሶፋ ላይ ቆሞ ወደ መንገዱ የሚያይ ፎቶ ነበር። ግዛው ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሰፊ ግንባሩ፣ ሊስቅ ሲል የጠበበ የግራ ዓይኑ። የነገርኳት ሁሉ እውነት ነበር። ቀለሙ ወይቧል፣ ቬሎው ቢጫ ሆኗል፤ የልጅቷ ፊት ግን በብሩሽ የተቀባ ስለሆነ ነው መሰለኝ ትናንት እንደተነሣች ነው። እዚያው ሶፋ ላይ፣ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

“እማማ፣ ደከመዎት?” አለችኝ አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ ካርቶን እያሠረች። ራሔል ትባላለች፤ የወይዘሮ አስካለ የልጅ ልጅ ናት። “እነዚህ ማን ናቸው?” አልኳት። “አክስቴና ባሏ። እሷ በልጅነቷ ሞተች፤ እሱ በዚያ ክፉ ጊዜ ጠፋ። አያቴ ለሁለቱም ነበር የምታለቅሰው። እናቱ ነኝ እያለች በየበሩ ስንቅ ይዛ ስትዞር ኖራለች።” ዝቅ ብዬ እጆቼን ፈለግሁ። የሉም። ጭኔ ላይ ተደራርበው የነበሩበት ቦታ ነጭ ወረቀት ሆኗል፣ ጠርዙ እንደ ተላጠ። “ይሄ ምን ሆኖ ነው?” አልኩ። ራሔል ሳቅ አለች። “አያቴ ናት። ጠዋት ጠዋት እጇን ትስም ነበር፣ ስማው ስማው አለቀ። ለምን ፊቷን አትስሚም ብላት ‘ፊቷማ ቀዝቃዛ ነው፤ የሚሞቀው እጇ ነው’ ትለኝ ነበር።” እኔ የመነጨቅሁባቸውን እጅ ነው።

ልነግራት እችል ነበር። ጠባሳውን ባሳያት፣ ፎቶው የኔ ነው ብላት ትሰጠኝ ይሆናል። ግን ምን ልላት ነው? አክስትሽ አላገባችም፣ አያትሽ ስታለቅስለት የኖረችው ሰው የሌላ ሴት ባል ነው ልበላት? “በስልክ ላንሣው? ባሏን ደሴ አውቀው ነበር” አልኳት። ስልኬን ተቀብላኝ ራሷ አነሣችልኝ። ስነሣ ደግፋ ያዘችኝና “እጅዎ እንዴት ይሞቃል” አለችኝ። ወደ ፒያሳ ስወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ዞሬ አየሁ፤ ሁለቱ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ሆነው መንገዱን ያያሉ።

ማታ ስልኩን ለገነት ሰጠኋት። ግንባሯን በእጇ ነካች፤ ያው የሱ ግንባር ነው። እኔ ከጎኗ ሆኜ አውራ ጣቴን እጆቼ በነበሩበት ቦታ ላይ አሳረፍኩ፤ ስልኩ አሳድግ ያልኩት መስሎት ፊታቸውን አቀረበው። ልጄ ዓይኗን ጠርጋ “እማዬ፣ ይቺ ሴት ማን ናት?” አለችኝ። ነገርኳት፤ እዚህ የነገርኳችሁን ሁሉ። ስልኩን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና “አሁን እኮ ቀላል ነው” አለች። “የወጣትነት ፎቶሽን ከመታወቂያሽ ላይ አንሥቼ፣ እሷን አጥፍቼ አንቺን ላስገባሽ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።” ጣቷ ስልኩ ላይ ተዘጋጅቷል።

እጇን ያዝኩት። “ተያት ልጄ” አልኳት። “እኛ የት እንደወደቀ ሳናውቅ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ብቻውን አልተወችውም።”